አዛውንቱን ለምን አላስጨረሳችኋቸውም?

ወገኖቼ፣ ይቅር ልበል ብዬ ያቃተኝ ነገር አለ።

ሕገ መንግሥቱ ይሻሻል አይሻሻል የሚል ውይይት ላይ ነው። አንድ አዛውንት እጃቸውን አወጡ። በ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥቱን ባጸደቀው ጉባኤ የሕዝብ ተወካይ ነበሩ። ከፌስታል ውስጥ ጠርዙ የቆሸሸ የቃለ ጉባኤ ጥራዝ አወጡ፤ መነጽራቸውን አደረጉና መሬትን በሚመለከት የተደረገውን ክርክር ማንበብ ጀመሩ። ደጋፊው ምን እንዳለ፣ ተቃዋሚው ምን እንዳለ፣ ሁለቱንም ሊያሰሙን ነበር።

ገና ሁለት መስመር ሳያነቡ ከኋላ አንዱ ጮኸ፦ «አገር ያፈረሳችሁ እናንተ ናችሁ!» ከወዲያ ጥግ ደግሞ ሌላው፦ «ሕገ መንግሥታችንን አትንካ!» አያቱ የሚሆኑትን ሰው «አንተ» አላቸው። በምንም የማይስማሙ ሁለት ወገኖች እሳቸውን ዝም በማሰኘት ተስማሙ። ማይኩን ከእጃቸው ነጠቋቸው። ይባስ ብሎ አዳራሹ አጨበጨበ። እሳቸው ጥራዙን መልሰው ፌስታሉ ውስጥ ከተቱና ተቀመጡ።

ምን ነካችሁ? አሳፈራችሁን እኮ!

ሰነዱን መጥላት መብታችሁ ነው። መውደድም እንዲሁ። ሳያነቡ መጮህ ግን ከየት የመጣ መብት ነው? አቶ ክፍሌ ወዳጆ የመሩት ኮሚሽን ረቂቁን ሲያዘጋጅ አባላቱ በመሬትና በመገንጠል ጉዳይ ተለያይተዋል። ዶ/ር ነጋሶ ጊዳዳ በመሩት ጉባኤም እነዚሁ ጉዳዮች አከራክረዋል። መሬት አይሸጥም አይለወጥም ያለው ወገን አሸነፈ። ግን እዚያው አንቀጽ 40 ላይ ገበሬው መሬት በነጻ እንዲያገኝና እንዳይነቀል መብት ተጻፈለት፤ በጉልበቱ ላለማው ደግሞ ካሳ። ይሄ በቂ ነው ወይ ብሎ መሟገት ይቻላል። ለመሟገት ግን መጀመሪያ መስማት ያስፈልጋል።

የሚያሳዝነኝ ሌላ ነው። የዚያ ጉባኤ ትልቁ ጉድለት በአዳራሹ ያልነበሩት ሰዎች ናቸው። የኦሮሞ ነጻነት ግንባር (ኦነግ) በ1984 ከሽግግሩ መንግሥት ወጥቷል። የመላው አማራ ሕዝብ ድርጅት (መአሕድ) የጉባኤው አባላት በተመረጡበት በ1986ቱ ምርጫ አልተሳተፈም። መቀመጫውን የሞሉት በአብዛኛው ሥልጣን ላይ የነበረው ኢሕአዴግና አጋሮቹ ነበሩ። በሌሉበት የተወሰነባቸው ሰዎች ቁጭት ይኸው እስከ ዛሬ አልበረደም። እናንተም ሌላውን አስወጥታችሁ ልትወስኑ ነው? በዚያ መንገድ ሄደን አይተነዋል እኮ!

ለውጥ ፈላጊዎች ሆይ፣ አንቀጽ 105ን ገልጣችሁ እዩ። መገንጠልን የሚመለከተው አንቀጽ 39 እና የመሬቱ አንቀጽ 40 ያሉበትን ምዕራፍ ለማሻሻል የሁሉም ክልል ምክር ቤቶች በድምፅ ብልጫ መቀበል አለባቸው፤ የሁለቱ የፌዴራል ምክር ቤቶች ሁለት ሦስተኛ ድምፅም ያስፈልጋል። አንድ ክልል እንቢ ካለ ቀረ ማለት ነው። ስለዚህ የጮኻችሁበትን ሰው የግድ ማሳመን አለባችሁ። ጠባቂዎቹም፣ ሕገ መንግሥቱ እንዴት እንደሚሻሻል የሚናገሩት አንቀጽ 104 እና 105 ያሉት የምትጠብቁት ሰነድ ውስጥ ነው። «አትንካ» የሚለውን ከየት አመጣችሁት?

እውነቱን ለመናገር ደክሞኛል። ተስፋ መቁረጥ ግን አልቻልኩም። አገራዊ ምክክር ብለን ኮሚሽን ካቋቋምን ዓመታት አልፈዋል። በየወረዳው ሰው ተጠርቶ ተናግሯል፤ ገና የሚናገርም አለ። እባካችሁ፣ ከመምጣታችሁ በፊት እነዚያን ጥቂት አንቀጾች አንብቡ። ከማትስማሙበት ሰው አጠገብ ተቀመጡና ተራው ሲደርስ አስጨርሱት። ከዚያ በኋላ የፈለጋችሁትን ያህል ተከራከሩት።