መሃሏ ላይ 2 ይላል

ከስብሰባው ወጥቼ ጎንደር ፒያሳ ተቀምጫለሁ። ያዘዝኩት ቡና ቀዝቅዟል፣ እጄ ግን እስካሁን ይንቀጠቀጣል። ሳልጽፈው እንቅልፍ አይወስደኝም።

ካላዛር በሚባለው በሽታ ላይ የሠራናትን ጥናት ታውቋታላችሁ። የሁለት ክረምት ልፋት ናት። ለሰሊጥ አረም መተማ ወርደው፣ ሜዳ ላይ ዛፍ ሥር አድረው፣ የአሸዋ ዝንብ ነክሳቸው ጣፊያቸው አብጦ የሚመለሱት ልጆች ናቸው ያስጀመሩን። ዛሬ ለማዕረግ ዕድገት ፋይሌ ሲታይ፣ ከገምጋሚዎቹ አንዱ ኮምፒውተሩን ወደ እኔ አዞረና ያቺን ባለቀለም የአልትሜትሪክ ክብ አሳየኝ፣ ጽሑፍሽ ኢንተርኔት ላይ ምን ያህል እንደተወራለት በነጥብ የምታሳየዋን። መሃሏ ላይ 2 ይላል።

«ይቺን ማን አየልሽ?»

«ጋሼ፣ ጤና ጣቢያዎቹ እየተጠቀሙ…»

«ጤና ጣቢያ እዚህ ላይ አይታይም። የጓደኛሽ እኮ 60 ገብቷል።»

ሰው ሁሉ እየሰማ! ቅጥል አልኩ።

አዎ አይታይም! ችግሩ እሱ ነው! ቁጥሩ ከየት እንደሚመጣ ጠይቆ ያውቃል? አልትሜትሪክ በአብዛኛው የሚይዘው የጽሑፉ ዲኦአይ (መለያ ቁጥሩ) ወይም ሊንክ አብሮት ሲወጣ ነው። ዜና ላይ ከተጠቀሰ 8፣ ብሎግ ላይ 5 ይሰጣል። ሜንዴሌይ በሚባለው የጥናት ጽሑፍ ማከማቻ ላይ ያስቀመጡት አንባቢዎች እንኳ ነጥቡ ውስጥ አይደመሩም። እኛ ውጤቱን በአማርኛ በአንድ ገጽ ጽፈን በቴሌግራም ፒዲኤፍ ላክን። ከስልክ ስልክ ሄደ። አንዲት ነርስ ከመተማ ደውላ «አትመን ግድግዳ ላይ ለጥፈነዋል» ስትለኝ አለቀስኩ። ለግድግዳ ነጥብ የሚሰጥ የለም። ይኼኑ አንድ ገጽ ባለፈው ዓመት «ጥናት አይደለም» ብለው ከፋይሌ ያወጡት እነሱው ናቸው።

ደግሞስ ጽሑፉ የወጣው መቼ ነው? ከነሐሴ 2015 ወዲህ፣ በክልሉ የሞባይል ዳታ በተቋረጠባቸው ወራት። የታረመውን ቅጂ ለመላክ ዋይፋይ ያለበት ሆቴል ፍለጋ ስንከራተት ነው የከረምነው። የትኛው የጎንደር ሰው ነው ያኔ ትዊት የሚያደርግልኝ?

ልኬቱን እኮ አልጠላውም። ጥቅስ ለመሰብሰብ፣ ማለትም ሌሎች ተመራማሪዎች በጽሑፋቸው እስኪጠቅሱሽ፣ ዓመታት ይፈጃል። ተመራማሪው ጄሰን ፕሪም እ.ኤ.አ. በ2010 «አልትሜትሪክስ» የሚለውን ቃል ትዊተር ላይ ሲጽፍ ደስ የሚል ሐሳብ ነበር፣ ከጥቅስ ውጪ ያለው አሻራም ይታይ የሚል። ነጥቧን የሚያወጣው ድርጅት ራሱ «ይኼ የትኩረት መለኪያ እንጂ የጥራት አይደለም» ይላል። የእኛዎቹ ግን እንደ ማትሪክ ውጤት ያነቡታል። በእንግሊዝኛ የጮኸ ያልፋል፣ በአማርኛ ሰው ያዳነ ይወድቃል። አንጀቴ አርሯል።

ደክሞኛል ጓዶች። ነገ ፋይሉን መልሼ አስገባለሁ፣ የግድግዳውን ፎቶ አያይዤ። ከፈለጉ ይመልሱት። ልጆቹ ዘንድሮም ለአረም መውረድ ጀምረዋል፣ ትናንት መናኸሪያ ፌስታላቸውን አንጠልጥለው አየኋቸው። መተማ መስመር የምታውቁት ጤና ባለሙያ ካለ ቁጥሩን በውስጥ ላኩልኝ፣ ፒዲኤፉን ዛሬ ማታ እልክለታለሁ።