ይድረስ ለክቡር ፎቶኮፒው የክህነት ደብዳቤ

ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? እኛ ማኅተምዎን እያየን «ክብ ነው ወይስ የስኒ እድፍ?» እያልን ስንከራከር ደህና ነን።

ክቡርነትዎ፣ በአሜሪካዋ ቨርጂኒያ ግዛት የሚያጋባ ካህን «ሰርኪዩት» በሚባለው የግዛቱ ፍርድ ቤት ቀርቦ የማጋባት ትእዛዝ ለማግኘት ሁለት ነገር ማስረዳት አለበት፤ መሾሙን፣ ዛሬም ከቤተ እምነቱ ጋር በኅብረት መኖሩን። እርስዎ የሚያውቁት የመጀመሪያውን ብቻ ነው። ካህኑ በተሾመ ማግስት ቢታገድ፣ ከሃያ ዓመት በኋላ ቢወገዝ፣ እርስዎ «ቅስና ተቀብሏል» ከማለት ንቅንቅ አይሉም። ሁለተኛው የሚገኘው ሀገረ ስብከቱ በቅርብ ቀን ከጻፈውና የአሁን አገልግሎቱን ከሚገልጽ ደብዳቤ ነው። ያንንም የሚያጣራ ሰው ግርጌው ላይ ባለው ስልክ እንዳይደውል፤ ወረቀቱ ሐሰተኛ ከሆነ ስልኩን የሚያነሳው ያው አታሚው ነው። ቁጥሩን ከሌላ ቦታ ያፈላልግ።

ስምዎማ ጉድ ነው። እርስዎ ላይ «ቀሲስ ወልደ ገብርኤል» በክርስትና ስሙ፣ መንጃ ፈቃዱ ላይ ደግሞ እናቱ ያወጣችለት ስም። የፍርድ ቤቷ ጸሐፊ የምታየው ሁለት ሰው ነው። አዲሱ ደብዳቤ ሁለቱንም ስም ቢጠቅስ በተገላገልን።

ቀኑስ? «መስከረም 17 ቀን 2010 ዓ.ም.» ይላሉ። ይህ በፈረንጅ ሴፕቴምበር 27 ቀን 2017 ነው። ተርጓሚው 2010ን እንዳለ ካሳለፈው ግን ካህኑ ሰባት ዓመት ቀድሞ ይሾማል፤ አንዳንዱ ገና ዳዊት ሳይደግም።

የፖቶማክን ወንዝ ተሻግረው ጎረቤት ግዛት ሜሪላንድ ሲገቡ ማን እንደ እርስዎ! እዚያ ካህኑ አስቀድሞ ይመዝገብ የሚል ሕግ የለም፤ የቤተ እምነቱ ሥርዓት ከፈቀደለት ይበቃል። ይህን የለመደ ካህን ወደ ቨርጂኒያዋ አሌክሳንድሪያ መጥቶ ያለዚያ የፍርድ ቤት ትእዛዝ ቢያጋባ እስከ አንድ ዓመት እስራትና እስከ 500 ዶላር ቅጣት ይጠብቀዋል። ሙሽሮቹ ሥልጣን አለው ብለው በቅንነት ካመኑ፣ ሌላው ሁሉ ሕጋዊ እስከሆነ ድረስ ትዳራቸው በዚህ ሰበብ አይፈርስም። እዳው የካህኑ ነው፤ የእርስዎ እንዳይመስልዎ።

ትእዛዙ አንዴ ከወጣ በመላው ቨርጂኒያ ይሠራል። ከዚያ ወዲያ ካህኑ ከየሠርጉ በኋላ በ5 ቀን ውስጥ የጋብቻ ወረቀቱን ሞልቶ ለጸሐፊዋ ይመልስ እንጂ እርስዎን በቀሚሱ ኪስ አጣጥፎ የሚዞርበት ምክንያት የለም።

ከሰላምታ ጋር

ግልባጭ፦
ለዋናው ቅጂ
ባሉበት