ፊልጶስ ሮጦ ነው የደረሰው

ሰሞኑን በቴሌግራም ከስልክ ስልክ ሲዞር የሰነበተውን ስብከት እኔም ሰማሁት። ሰባኪው ዐውደ ምሕረት ላይ ቆመው «ምእመን ያስቀድስ፣ ይጹም፣ ዐሥራቱን ያውጣ፤ ልስበክ እያለ ሰው አያስቸግር» አሉ። ቀጠሉና «ደግሞስ ጎጃም ሁሉም ክርስቲያን ነው፤ ለማን ልትሰብኩ ነው?» ብለው ጠየቁ። ሕዝቡ እልል አለ። እኔን ከንግግሩ ይልቅ እልልታው ነው ያንገበገበኝ።

ሁሉም ክርስቲያን ነው? እስቲ ደብረ ማርቆስ ላይ ባጃጅ ይሳፈሩ። ጥር 21 ቀን ተሳፍሬ ነበር። መስታወቱ ላይ የእመቤታችን ሥዕል ተለጥፏል፣ መቁጠሪያ ተንጠልጥሏል፣ መዝሙር ተከፍቷል። አጠገቤ ከሌላ ክልል የመጣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ተቀምጧል። ነጠላ ለብሶ የሚተመውን ሕዝብ አየና «ዛሬ ምንድን ነው?» አለ። «ማርያም ናት» አለው ሾፌሩ። «ምን የሆነችበት ቀን ነው?» ሾፌሩ ዝም። ከኋላ አንዷ «በዓሏ ነዋ!» አለች። ሾፌሩ መዝሙሩን ከፍ አደረገው። እኔም አፌን ዘግቼ ወረድኩ፤ እስካሁን ያንገሸግሸኛል። አስተርእዮ ማርያም ነው፣ ያረፈችበት ቀን ነው ለማለት ስንት ደቂቃ ይፈጃል? እነ ዲማና ዋሸራ፣ ስመ ጥር የቅኔ ጉባኤ ቤቶች ባሉበት አገር ለአንድ ልጅ ጥያቄ መልስ ጠፋ!

በየበዓሉ «እኛ እኮ ፊልጶስ ባጠመቀው ኢትዮጵያዊ ጃንደረባ በኩል ቀድመን ያመንን ነን» እንላለን። ታሪኩን ግን እስከ መጨረሻው አንብበነዋል? ሰውዬው ኢየሩሳሌም ሰግዶ እየተመለሰ ነው። ኢሳይያስን ይዞ ያነባል። ተሳልሟል፣ መጽሐፍም አለው፤ ልክ እንደ እኛ። የጎደለው የሚያስረዳው ሰው ብቻ ነበር። ፊልጶስ ሮጦ ደረሰበትና «የምታነበውን ታስተውለዋለህን?» አለው። «የሚመራኝ ሳይኖር ይህ እንዴት ይቻለኛል?» ነው መልሱ። ፊልጶስ ደግሞ ከ12ቱ ሐዋርያት አይደለም። ማዕድ እንዲያገለግሉ ከተመረጡት ከ7ቱ አንዱ ነው። ሰንበቴ ላይ ዳቦ ቆርሶ የሚያድለውን ሰው አስቡት። «እሱም እጅ ተጭኖበት ተሹሟል» ትሉኝ ይሆናል። እሺ፣ የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8ን ከላይ ጀምሩት። ስደት ሲነሣ «ከሐዋርያት በቀር» ሁሉም ተበተኑ ይላል፤ ወረድ ብሎ የተበተኑት ቃሉን እየሰበኩ ዞሩ ይላል። ሐዋርያቱ ኢየሩሳሌም ቀሩ፣ የዞረው ምእመኑ ነው! እቃ የሚሸጠው፣ ልጅ ያዘለችው፣ ቤቱን ጥሎ የሸሸው። ከዚህ ወዲያ ምን ማስረጃ ይፈለጋል?

የመጀመሪያው ጳጳሳችን አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃንስ? በ4ኛው መቶ ዘመን አክሱም ሲገባ ጳጳስ አልነበረም፤ ከመርከብ ላይ ተይዞ የመጣ ልጅ ነበር። ክርስቲያን ነጋዴዎችን አሰባስቦ የሚጸልዩበት ቦታ እንዲኖራቸው ያደረገው ክህነት ሳይቀበል ነው። የእስክንድርያው ፓትርያርክ አትናቴዎስ ጳጳስ አድርጎ የሾመው ከዚያ በኋላ ነው። የእኛ ሰባኪ ያኔ አክሱም ቢኖሩ «ልጄ፣ ሰው አታስቸግር» ሊሉት ነው?

ሃይማኖት መስበክ ደም ያፋስሳል ብለው አፄ ሱስንዮስን የሚያነሡብኝም አሉ። ንጉሡ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1622 ካቶሊክ መሆኑን አወጀ፤ በ1632 ስንት ደም ከፈሰሰ በኋላ ሕዝቡ ወደ ቀድሞ እምነቱ ይመለስ አለ። ጎጃም ይህን አይረሳም፤ የንጉሡ ወንድም ራስ ሥዕለ ክርስቶስ ነበር የሚገዛው። ግን ያ ሰይፍ ነው፣ ምስክርነት አይደለም። ባጃጅ ውስጥ የተጠየቀን ሰው መልስ ከሰይፍ ጋር ምን አገናኘው? በድምፅ ማጉያ የሰው ጆሮ ማደንቆርን እኔም አልወድም። ጴጥሮስ «በየዋህነትና በፍርሃት ይሁን» ብሏል። ከዚያ በፊት ግን «ለሚጠይቁአችሁ ሁሉ መልስ ለመስጠት ዘወትር የተዘጋጃችሁ ሁኑ» ነው ያለው፤ ለካህናት ብቻ አላለም።

ባለፈው እሑድ ቅዳሴ ላይ ዲያቆኑ «ፃኡ ንኡሰ ክርስቲያን» ሲል ዞር ብዬ በሩን አየሁ። ገና ትምህርት ላይ ያላችሁ ውጡ ማለት ነው። ቤተ ክርስቲያን ይህን የምትለው አዲስ የሚማር ሰው አይጠፋም ብላ ነው። ማንም አልወጣም። ማን ይውጣ? ያመጣነው ሰው የለማ።