እርማት፦ ሕፃናትን ከጢስ ማውጫ ያወጣው ልብ ወለዱ ብቻውን አይደለም

ስለ እንግሊዛዊው ደራሲ ቻርልስ ኪንግስሊ ልብ ወለድ «ዘ ወተር ቤቢስ» ከተሰጡት አስተያየቶች መካከል፣ መጽሐፉ እ.ኤ.አ. በ1863 በታተመ በዓመቱ በእንግሊዝ ሕፃናትን ጢስ ማውጫ ውስጥ አስገብቶ ማስጠረግ በሕግ ቀረ የሚለው ተደጋግሞ ይታያል። በቅን ልቦና የተጻፈ መሆኑን አልጠራጠርም፤ ይሁን እንጂ የዘመኑ ቅደም ተከተል አይደግፈውም።

ዕድሜው ከ21 ዓመት በታች የሆነ ሰው ጢስ ማውጫ ውስጥ ገብቶ እንዳይጠርግ የከለከለው ሕግ የወጣው በ1840 ነው፤ ይህም የመጽሐፉ ዋና ገጸ ባሕርይ፣ ጥላሸት የለበሰው ጢስ ማውጫ ጠራጊ ልጅ ቶም፣ በኪንግስሊ ብዕር ከመፈጠሩ ከሃያ ዓመት በላይ ቀድሞ ማለት ነው። የጠፋው ክልከላ ሳይሆን አስፈጻሚ ነበር። የ1864ቱ ሕግም፣ መጽሐፉ የሕዝቡን ስሜት መቀስቀሱ ባይካድም፣ ቅጣቱን አጠበቀ እንጂ ልማዱን አላስቆመም። በ1875 መጀመሪያ ጆርጅ ብሩስተር የተባለ ልጅ በካምብሪጅ አቅራቢያ በፉልቦርን በሚገኝ ሆስፒታል ጢስ ማውጫ ውስጥ ተጣብቆ ቀረ፤ ግድግዳው ፈርሶ ቢወጣም ብዙ ሳይቆይ ሞተ፤ አሠሪውም ስድስት ወር ከከባድ ሥራ ጋር ተፈረደበት። ልማዱ እንዲቀር ለዓመታት ሲሟገቱ የኖሩት እንግሊዛዊው ፖለቲከኛ ሎርድ ሻፍትስበሪ ይህንኑ ይዘው ለፓርላማ ያቀረቡት ረቂቅ በዚያው ዓመት ጸደቀና ጠራጊዎች ከፖሊስ ፈቃድ እንዲያወጡ አስገደደ፤ ልማዱን በተግባር የገታው ይህ ነው።

ድሉ ሁሉ ለመጽሐፉ ሲሰጥ የዚህ ልጅ ስም ይዘነጋል። ማረጋገጥ የሚሻ አንባቢ የ1840፣ የ1864 እና የ1875 የጢስ ማውጫ ጠራጊዎች ሕጎችን መጽሐፉ ከታተመበት ዓመት ጋር ቢያስተያይ ይበቃዋል።