አምስት ወር ተለፍቶ በአንድ ምሽት መሰናበት

በ2023–24 የውድድር ዘመን የሞንትሪያሉ ኮንኮርዲያ ዩኒቨርሲቲ የሴቶች የበረዶ ሆኪ ቡድን በኮንፈረንሱ (በክልል ምድቡ) ያደረጋቸውን 25 መደበኛ ጨዋታዎች በሙሉ አሸነፈ። ከዚያ የኮንፈረንሱን ዋንጫ አነሣ፤ ሳስካቱን ላይ በተካሄደው ብሔራዊ ፍጻሜም ቶሮንቶን 3 ለ 1 ረትቶ ዓመቱን ያለ እንከን ዘጋ። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ይኸው ቡድን፣ በዚያችው አሠልጣኝ በጁሊ ቹ እየተመራ፣ በገዛ ከተማው የተካሄደውን ፍጻሜ በካልጋሪው ማውንት ሮያል 4 ለ 3 በጭማሪ ሰዓት ተነጥቋል። መዝገቡ አንዱን ዓመት ወርቅ፣ ሌላውን ብር ይለዋል። የሁለቱ ዓመት ቡድን ግን መዝገቡ የሚያስመስለውን ያህል የተራራቀ አልነበረም።

የካናዳ ዩኒቨርሲቲዎች የሴቶች ሆኪ ጥሩ የውድድር ዘመን አለው፤ አጨራረሱ ግን ለዘመኑ አይመጥንም። አምስት ወር የተጠራቀመ ማስረጃ በአራት ቀን ጥሎ ማለፍ ይሻራል። የብሔራዊ ውድድሩ ሩብ ፍጻሜ ከሦስት ጨዋታ ሁለቱን ያሸነፈ የሚያልፍበት መሆን አለበት፤ የሚጠይቀው ወጪም ብዙዎች እንደሚፈሩት አይደለም።

ነገሩን ከመሠረቱ እንየው። (ዓመታቱን በፈረንጆች፣ ወራቱን በእኛ አቆጣጠር ነው የምጠራው።) ውድድሩን የሚመራው ዩ ስፖርትስ የሚባለው የዩኒቨርሲቲዎች ስፖርት ማኅበር ነው። ቡድኖቹ በአራት ኮንፈረንስ ይከፈላሉ፦ ካናዳ ዌስት፣ ኦንታሪዮ፣ ኬቤክና አትላንቲክ። ልምምዱ በነሐሴ መጨረሻ ይጀምራል፤ መስከረም በወዳጅነት ጨዋታ ያልፋል፤ ነጥብ የሚያዝበት ጨዋታ ከጥቅምት መጀመሪያ እስከ የካቲት መጀመሪያ ይዘልቃል። በየካቲት ኮንፈረንሶቹ የራሳቸውን ዋንጫ ይለያሉ፤ በመጋቢት መጀመሪያ ስምንት ቡድኖች አንድ ከተማ ላይ ይገናኛሉ።

ችግሩ የሚጀምረው አራቱ ኮንፈረንሶች ነጥብ በሚያዝበት ጨዋታ እርስ በርስ ስለማይገናኙ ነው። ኮንኮርዲያ 25 ጊዜ ሲያሸንፍ ያሸነፈው አምስት ተጋጣሚዎችን ነው፤ እያንዳንዱን አምስት አምስት ጊዜ። በካናዳ ዌስት ደግሞ ዘጠኝ ቡድኖች 28 ጨዋታ ያደርጋሉ፤ ከቫንኩቨር ዊኒፔግ ድረስ ያለው የመኪና መንገድ ከ2,000 ኪሎ ሜትር ይበልጣል። በኬቤክ ኮንፈረንስ ግን ከሞንትሪያል ኦታዋ የሁለት ሰዓት የአውቶቡስ መንገድ ነው። አንዷ ተጫዋች ሐሙስ ማታ አውሮፕላን ማረፊያ ወንበር ላይ ፈተና ስታጠና፣ ሌላዋ ዓርብ ከሰዓት በኋላ ክፍል ገብታ ማታ ትጫወታለች። ስለዚህ መጋቢት ላይ ስምንቱን ቡድኖች ከአንድ እስከ ስምንት መደርደር ግምት ነው። በየሳምንቱ የሚወጣው የአሥሩ ምርጥ ቡድኖች ደረጃም እንደዚያው፤ ያልተገናኙትን የሚያወዳድር ሰው ከመገመት ሌላ ምን ያደርጋል?

በኮንፈረንስ ውስጥ ያለው ማስረጃ ግን ጠንካራ ነው። በምዕራቡ ልማድ ሁለት ቡድኖች በአንድ ሜዳ ዓርብና ቅዳሜ ተከታትለው ይጋጠማሉ። ዓርብ የሠራ ዘዴ ቅዳሜ አይሠራም፤ አሠልጣኞቹ ሌሊቱን ቪዲዮ ሲያዩ ያድራሉና። ዓርብ የቁጥር ብልጫ ላይ (ተጋጣሚው በቅጣት ሰው ሲጎድልበት) ፓኩ (ያ ጠፍጣፋ ጥቁር ጎማ) በግራ መስመር ሲመላለስ ጎል ከተቆጠረ፣ ቅዳሜ ያ መስመር ተዘግቶ ይገኛል። ድካምም አለ። አንዲት ተጫዋች ተቀይራ እስክትወጣ ሜዳ ላይ የምትቆይበት አንድ ተራ ከ40 እስከ 45 ሰከንድ ነው፤ እየተፈራረቁ የሚገቡ አራት የአጥቂ መስመር ይዞ የጀመረ ቡድን ውጤት ሲከፋበት ሦስቱን ብቻ ማመላለስ ይጀምራል፤ ዋጋውን ቅዳሜ በመጨረሻዎቹ 20 ደቂቃዎች ይከፍላል። በዚህ ደረጃ በሴቶች ሆኪ ሰውን በአካል መግጨት ስለሚያስቀጣ፣ የደከመች ተከላካይ ያለፈቻትን አጥቂ የምታስቆመው በዱላ ጠልፋ ወይም ይዛ ነው፤ ያ ደግሞ ሁለት ደቂቃ ከሜዳ ያስወጣል። ቅዳሜ ቅጣት ሲበዛ ሰው ሥነ ምግባር ጎደለ ይላል፤ አብዛኛውን ጊዜ የጎደለው እግር ነው።

ከዚያ የታኅሣሥ ዕረፍት ይመጣል። በኅዳር መጨረሻ ጨዋታው ይቆማል፤ ፈተና፣ ቀጥሎ የፈረንጆች ገና፤ እስከ ታኅሣሥ መጨረሻ ውድድር የለም። በሦስትና አራት ሳምንት ውስጥ እግር አይዝግም፤ የግብ ጠባቂ ዓይን ግን ይዝጋል። ልምምድ ላይ የሚመጣባት ሙከራ ከየት እንደሚነሣ ታውቀዋለች፤ በጨዋታ በሦስት ሰው እግር መካከል ሾልኮ ለሚመጣ ፓክ ልምምድ አያዘጋጃትም። ከዕረፍት መልስ ባሉት ሁለት ሳምንታት የሚታየውን ውጤት አይቼ ቡድን አልዳኝም፤ ማንም ባይዳኝ እመክራለሁ። የዓለም የዩኒቨርሲቲዎች የክረምት ጨዋታዎች በጥር ሲውሉ ደግሞ፣ በ2023 ሌክ ፕላሲድ ላይ እንደሆነው፣ ምርጥ ተጫዋቾች በመሃል ከቡድናቸው ይለያሉ። ሃያ ምናምን ጨዋታ ያስፈለገው እንዲህ ያለውን ውጣ ውረድ ለማካካስ ነው።

አሁን ወደ መጋቢት እንምጣ። አራቱ የኮንፈረንስ ባለ ዋንጫዎች፣ አስተናጋጁና ሌሎች ሦስት ቡድኖች ይሰበሰባሉ። ሩብ ፍጻሜው ሐሙስና ዓርብ ተከፋፍሎ፣ ግማሽ ፍጻሜው ቅዳሜ፣ ፍጻሜው እሑድ ይካሄዳል። በመጀመሪያው ምሽት የተሸነፈ ከዋንጫው ውጭ ነው፤ የሚቀረው የማጽናኛ ጨዋታ ነው፤ እሱን ደግሞ ማንም በልቡ አይጫወተውም።

ቀላል ስሌት እናድርግ። ከአራት ጨዋታ ሦስቱን የሚያሸንፍ ቡድን ይኑር እንበል፤ እዚህ ደረጃ ላይ ይህ ታላቅ ቡድን ነው። ሦስት ነጠላ ጨዋታ አከታትሎ የማሸነፍ ዕድሉ 75 በመቶ ሦስት ጊዜ በራሱ ሲባዛ የሚገኘው 42 በመቶ ነው። ማለትም የዓመቱ ምርጥ ቡድን ከማሸነፍ ይልቅ አለማሸነፉ ይቀላል። ሦስቱም ዙር ከሦስት ሁለት ቢሆን ዕድሉ ወደ 60 በመቶ ያድጋል። ሩብ ፍጻሜው ብቻ ቢለወጥ 47 በመቶ ነው። ተአምር አይደለም፤ አውቃለሁ። ሆኖም በመጀመሪያው ዙር የመሰናበት ስጋቱ ከ25 ወደ 16 በመቶ ይወርዳል፤ እኔን የሚያሳስበኝም እዚያ ላይ የሚደርሰው በደል ነው።

በደሉ ከየት እንደሚመጣ ለማወቅ ግብ ጠባቂዋን ማየት ይበቃል። በ30 ሙከራ ውስጥ ከመቶ 92 የምታድን ግብ ጠባቂ በአማካይ 2.4 ጎል ይገባባታል፤ 95 የምታድንበት ምሽት ከሆነ 1.5። ልዩነቱ አንድ ጎል ሊሞላ ጥቂት ነው የቀረው። ማንኛዋም ጥሩ ግብ ጠባቂ በዓመት ውስጥ እንዲህ ያለ ምሽት ይገጥማታል፤ በሦስት ጨዋታ ላይ ግን መደጋገም ይከብዳታል። ፍጻሜዎቹም በዚያች አንድ ጎል ነው የሚወሰኑት። በ2017 አልበርታ ማክጊልን 2 ለ 1 ያሸነፈው በሁለተኛው ጭማሪ ሰዓት ነው። በ2019 ጉዌልፍ ያንኑ ማክጊልን 1 ለ 0 ረታ። በ2023 የኮንኮርዲያውን ከላይ አንሥቼዋለሁ። በእርግጥ በ2016 የሞንትሪያል ዩኒቨርሲቲ ቡድን የብሪቲሽ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲን (ዩቢሲን) 8 ለ 0 ሲያደቅ ዕድል የሚባል ነገር አልነበረም፤ እንዲህ ያለው ፍጻሜ ግን ብርቅ ነው።

«ዕድል ይህን ያህል ኃይል ካለው አልበርታ እንዴት ስምንት ጊዜ አሸነፈ?» የሚል ይኖራል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ብሔራዊ ዋንጫው ከተጀመረበት ከ1998 እስከ 2024 ባሉት ዓመታት፣ በወረርሽኙ የታጠፉት 2020 እና 2021 ሲቀነሱ፣ 25 ዋንጫ ተሰጥቷል። ካናዳ ዌስት 11፣ ኬቤክ 10፣ ኦንታሪዮ 4 ወስደዋል፤ አትላንቲክ አንድም የለውም። ስለዚህ ረጅም ዘመን ሲታይ ብልጫ ራሱን ያሳያል። ነገር ግን አንዲት ተማሪ የመጫወት መብቷ አምስት ዓመት ነው፤ ሃያ አምስት አይደለም። ዕድል በረጅሙ ይካካሳል የሚለው መጽናኛ በሦስተኛ ዓመቷ ምርጥ ቡድን ውስጥ ለነበረችና በዓርብ ምሽት ለተሰናበተች ልጅ ምንም አይፈይድም። ጥሎ ማለፍ ለትንንሾቹ በር ይከፍታል የሚሉም የአትላንቲክን ባዶ መደርደሪያ ይመልከቱ።

የኢትዮጵያ እግር ኳስ ተመልካች ይህን ለመረዳት ብዙ ማብራሪያ አያሻውም። የሊጉ ዋንጫ የዓመቱ ነው፤ የጥሎ ማለፉ ዋንጫ ሌላ ነው፤ ሁለቱን የሚያምታታ የለም። ዩ ስፖርትስ ግን የሊግ ርዝመት ያለው ዘመን አጫውቶ ክብሩን በጥሎ ማለፍ ይሰጣል። ኮንፈረንሶቹ ራሳቸው እንኳ ይህን ተረድተው በአብዛኛው ዋንጫቸውን ከሦስት ሁለት ባሸነፈ ይለያሉ፤ ኦንታሪዮ በቅርብ ዓመታት የኮንፈረንሱን ዋንጫ፣ የማካው ዋንጫን፣ ፍጻሜ በአንድ ጨዋታ ማድረጉ ለእኔ የተሳሳተ አቅጣጫ ነው።

አሜሪካኖቹም በጥሎ ማለፍ ነው የሚጨርሱት፤ 11 ቡድን ይዘው። እነሱ ግን እስከ 34 መደበኛ ጨዋታ ያደርጋሉ፤ ከሌላ ኮንፈረንስ ቡድኖች ጋርም ይገናኛሉ። መጋቢት ላይ ማን ከማን እንደሚበልጥ ከግምት የተሻለ ነገር በእጃቸው አለ።

ወጪውን እንቁጠር። ዛሬ ከስምንቱ ሰባት ቡድኖች ወደ አስተናጋጁ ይጓዛሉ፦ ሰባት ጉዞ። በኔ ሐሳብ ሩብ ፍጻሜው የተሻለ ደረጃ ባላቸው አራት ቡድኖች ሜዳ ይደረጋል፦ አራት ጉዞ። በሳምንቱ የተረፉት አራቱ ከመካከላቸው የተሻለ ደረጃ ባለው ቡድን ሜዳ ይገናኛሉ፦ ሦስት ጉዞ። ድምሩ ያው ሰባት ነው። ማደሪያውም አይጨምርም፤ ዛሬ ከረቡዕ እስከ ሰኞ አምስት ሌሊት ለሰባት ቡድን 35 የቡድን ሌሊት ነው። በአዲሱ አራት ቡድን አራት አራት ሌሊት፣ ከዚያ ሦስት ቡድን ሦስት ሦስት ሌሊት፣ በጠቅላላ 25። ቀኑም ይገኛል፦ በኮንፈረንስ ፍጻሜና በብሔራዊ ውድድሩ መካከል አንድ የሳምንት መጨረሻ መተው ይበቃል።

እውነተኛ ኪሳራ የለውም አልልም። የአውሮፕላን ቲኬት በአምስት ቀን ማስጠንቀቂያ ሲቆረጥ ይወደዳል፤ ከሃያ የሚበልጥ ሰውና የግብ ጠባቂ ሻንጣ ተጭኖ ሲታሰብ ቀላል አይደለም። አስተናጋጅ ከተማ ቀድሞ ስለማይታወቅ የሽልማቱ የራት ግብዣና የስፖንሰር ሥራ ይደናቀፋል። በገንዘብ ቀልድ እንደሌለም ታይቷል፦ የሌትብሪጅ ዩኒቨርሲቲ በ2020 የወንዶችም የሴቶችም ሆኪ ቡድኑን በበጀት ምክንያት ዘግቷል። ሆኖም አስተናጋጁ ያለ ውጤቱ የሚገባበት ቦታ ሲነሣ፣ ያ ቦታ በሜዳ ላይ ላገኘው ቡድን ይተርፋል፤ እንደ ሳስካቱኑ መርሊስ ቤልሸር ፕሌስ ሜዳው የዩኒቨርሲቲው ሲሆን ደግሞ በአጭር ጊዜ ማዘጋጀት ይቻላል።

አባል ዩኒቨርሲቲዎቹ ይህን አንቀበልም ካሉ፣ ሳንቲም የማይጠይቅ ሌላ ማስተካከያ አለ። ዓርብ ሩብ ፍጻሜ የሚጫወት ቡድን ዋንጫውን ለመውሰድ በሦስት ቀን ሦስት ጨዋታ ማድረግ አለበት፤ ሐሙስ የተጫወተው አንድ ቀን አርፎ ይጠብቀዋል። አራቱም ሩብ ፍጻሜ ሐሙስ ይሁን፦ ጠዋት 4 ሰዓት፣ ቀን 7 ሰዓት ተኩል፣ ከቀኑ 11 ሰዓት፣ ማታ 2 ሰዓት ተኩል። ሦስት ክፍለ ጊዜ፣ ሁለት ዕረፍትና የበረዶው መጠገኛ ተደምሮ አንድ ጨዋታ ሁለት ሰዓት ተኩል አካባቢ ይፈጃል፤ ለጭማሪ ሰዓት አንድ ሰዓት ይተርፋል። ለጠዋቱ ጨዋታ ተመልካች ማግኘት ያስቸግራል፤ የከተማውን ትምህርት ቤቶች በነፃ መጋበዝ ይቻላል።