ኧረ ጎበዝ፣ ሁሉንም አትቀያየሩ!

ከአራት ኪሎ እስከ ስታዲየም የትኛውም የቼዝ ውድድር ላይ ብትገኙ፣ የአንደኛው ዙር ነገር ሁሌ ያው ነው። በስዊስ ሲስተም (ማንም ሳይወድቅ ሁሉም በየዙሩ በሚጫወትበት አጣማመር) ተጫዋቹ በሬቲንግ፣ ማለትም በጥንካሬ ነጥቡ ይደረደርና ለሁለት ይከፈላል፤ 60 ሰው ካለ 1ኛው ከ31ኛው ይገጥማል። ታች ላለው ጠንካራ ሰው እንደሚደርሰው እየታወቀ ገና ወንበሩን ሳይስቡ እጅ መስጠት ምን የሚሉት ነው?

ሒሳቡን እዩት እስቲ። የ400 የሬቲንግ ነጥብ ልዩነት ካለና የጠንካራው ኬ (ሬቲንጉ በአንድ ጨዋታ ምን ያህል እንደሚለዋወጥ የሚወስነው ቁጥር) 20 ከሆነ፣ ቢያሸንፍ የሚያገኘው 1.6 ነጥብ ብቻ ነው። አቻ ቢወጣ 8.4፣ ቢሸነፍ 18.4 ያጣል። ኬው 40 ለሆነ አዲስ ተጫዋች ግን አቻ ብቻ 16.8 ያስገኝለታል! ታዲያ መጨነቅ ያለበት ማን ነው?

ከሁሉ የሚያንገበግበው ግን መቀያየሩ፣ አንዱ የሌላውን እየበላ መጨራረሱ ነው። «ንግሥቷ ከወጣች ማት አልሆንም (ንጉሤ ማምለጫ አያጣም)» እያሉ ንግሥት በንግሥት፣ ፈረስ በፈረስ፣ ሩክ (ግንቡ) በሩክ። ጠንካራው የሚመኘውም ይህንኑ! ቦርዱ ሲራቆት ማን ምን ያህል እንደሚያውቅ ይለያል። ነጭ ንጉሥ ኢ5፣ ወታደሩ ኢ4፣ ጥቁር ንጉሥ ኢ7 ላይ ናቸው እንበል (ፊደሉ ዓምዱን፣ ቁጥሩ ከነጭ በኩል የሚቆጠረውን መስመር ይናገራል)። ተራው የነጭ ከሆነ አቻ ነው፤ ንጉሡ ዲ5 ሲል ጥቁር ዲ7 ብሎ ፊቱ ይቆማል። ተራው የጥቁር ከሆነ ግን መንገድ መልቀቅ ግዴታው ነው፤ ነጭ ንጉሥ ስድስተኛው መስመር ላይ ይወጣል፣ ወታደሩም ንግሥት ይሆናል። በአንዲት ተራ! ይህን ሳይቆጥሩ የመጨረሻውን ሩክ መቀየር ግማሽ ነጥብ ሜዳ ላይ መጣል ነው። ሩኩ ቢቆይ እኮ መከላከያው የታወቀ ነው፦ ጥቁር ንጉሡን ከነጭ ወታደር ፊት ያቆማል፤ የነጭ ወታደር አምስተኛው መስመር ላይ እስካለ ሩኩን ስድስተኛው ላይ አቁሞ የነጭን ንጉሥ ያግዳል፤ ወታደሩ ስድስተኛውን ሲረግጥ ሩኩን ወደ አንደኛው መስመር አውርዶ ከኋላ ቼክ በቼክ ያደርገዋል፣ ማለትም ንጉሡን ደጋግሞ ያጠቃል። አቻ!

አቻ መጠየቅም ሥርዓት አለው። መጀመሪያ እርምጃው፣ ቀጥሎ ጥያቄው፣ ከዚያ ሰዓቱን መጫን። በየሦስት እርምጃው «አቻ?» ማለት ተጋጣሚን መረበሽ ነው፣ ዳኛ ያስቀጣል።

ሰዓቱስ? 90 ደቂቃ፣ በየእርምጃው 30 ሰከንድ ተጨምሮበት ተሰጥቶ፣ በካፌ የ5 ደቂቃ ብሊትዝ (የጥድፊያ ቼዝ) ልማድ ጠንካራው በነዳው ፍጥነት አብሮ መንዳት! ተራ ሳይጠብቁ መንዳት በሰንጠረዥ፣ በጥንቱ የሀገራችን ቼዝ፣ ወረራ በሚባለው መክፈቻ ላይ ነበር። እዚህ ግን 80 ደቂቃ ሳይነካ ማት ሆኖ የውጤት ፎርም መፈረም… ኧረ ያሳዝናል!