ዝም አይነቅዝም? ድርጅቶች አቋማቸውን እንዲናገሩ ይገፉ ወይስ ይተዉ

የሆነ ቦታ ሰው ሲገደል ወይም ሲፈናቀል፣ ሰዉ አሁን አሁን ወደ መንግሥት ብቻ አይጮህም። የባንኩ፣ የቢራ ፋብሪካው፣ የስልክ ኩባንያው ፌስቡክ ላይ ገብቶ «እናንተስ ምነው ዝም አላችሁ?» ብሎ ይጽፋል። መግለጫ ካልወጣ «አካውንቴን እዘጋለሁ» ይከተላል። ይሄ ግፊት ልክ ነው ወይ? ሁለት የድሬዳዋ ልጆችን አከራከርን። አንዷ ከዚራ ትኖራለች፣ በግል ድርጅት የሒሳብ ሠራተኛ ናት። ሌላው መጋላ ያደገ ትራንዚተር ነው። የደቻቱ ወንዝ መሃላቸው ቢሆንም የቆዩ ጓደኛሞች ናቸው። ስለዚህ አንተና አንቺ እየተባባሉ ነው የጻፉት። ድሬ ላይ አንቱታ መጠበቅም ሞኝነት ነው።

የከዚራዋ፦ «ድርጅት ዝም ይበል» ሲባል ሳቄ ይመጣል። ዝም ያለ ድርጅት የት አለ? የሕዳሴ ግድብ መሠረት መጋቢት 24 ቀን 2003 ከተጣለ በኋላ ባንኩም ኢንሹራንሱም ቦንድ ገዛሁ እያለ ካሜራ ፊት ቆሟል። ደግ አደረገ፣ እኔም ገዝቻለሁ። ዓድዋ ሲደርስ ባነር ይሰቅላል። ለኢሬቻ ባነር፣ ለዒድ ባነር፣ ለጥምቀት ባነር። ማርች 8 ሲመጣ ሴት ሠራተኞቹን ቲሸርት አልብሶ ፎቶ ያነሣል። ይሄ ሁሉ ንግግር ነው። አፉ ይሠራል ማለት ነው። የሚዘጋው ነገሩ ወጪ የሚያመጣ ሲሆን ብቻ ነው።

ገንዘቡ ደግሞ የኛ ነው። ቁጠባችን እነሱ ጋ ነው፣ ካርድ የምንሞላው ለነሱ ነው። ገንዘቤን የያዘውን ሰው «በዚህ ጉዳይ የት ነህ?» ብለው ምን ነውር አለው?

ግፊት አይሠራም የሚል ካለ ባርክሌይስን ያስታውስ። የእንግሊዙ ባንክ በአፓርታይድ ዘመን ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ትልቅ ሥራ ነበረው። የእንግሊዝ ተማሪዎች «አካውንት አትክፈቱበት» እያሉ ለዓመታት ቀሰቀሱ። እ.ኤ.አ. በ1986 ባንኩ ድርሻውን ሸጦ ወጣ። ተማሪ ብቻውን አስወጣው አልልም፣ የደቡብ አፍሪካ ኢኮኖሚም ያኔ እየተናጋ ነበር። ግን ጠያቂ ባይኖር ኖሮ ባንኩ በገዛ ፈቃዱ ቸኩሎ ይወጣ ነበር ብለህ ታምናለህ?

የመጋላው፦ አቦ፣ ባርክሌይስ ያለው ለንደን ነው። የለንደን ተማሪ አካውንቱን ቢዘጋ የባንኩን ዘበኛ ማንም መጥቶ አይደበድበውም። ስለዚህ ስለ አገራችን እናውራ።

ሥራዬ ዕቃ ማስወጣት ነው። ጅቡቲ የገባው ኮንቴይነር አንዳንዱ በደወሌ በኩል ድሬ ይመጣል። ሌላው በጋላፊ ገብቶ አፋርን አቋርጦ ይሄዳል። የመኪናው በር ላይ የድርጅቱ ስም በትልቁ ተጽፏል። ሹፌሩ ስንት ከተማ፣ ስንት ኬላ ያልፋል? አንዱ ከተማ አንዱን ወገን ይደግፋል፣ ቀጣዩ ሌላውን። አዲስ አበባ ያለ የኮሙኒኬሽን ኃላፊ ቢሮው ቁጭ ብሎ «በእገሌ ሕዝብ ላይ የደረሰውን እናወግዛለን» ብሎ ይለጥፋል። ላይክ ይጎርፍለታል። በማግስቱ መንገድ የዘጉት ልጆች ኃላፊውን አያገኙትም። የሚያገኙት ሹፌሩንና ረዳቱን ነው። ሹፌሩ መግለጫውን አላነበበውም። ምናልባትም መግለጫው ከሚያወግዘው ወገን የተወለደ ነው። ይሄን ለማንም አስረድቶ ማለፍ አይችልም፤ በሩ ላይ ስሙ ተጽፏላ!

ሌላም አለ። የድሬን መጋዘን ታውቂዋለሽ። ኦሮሞ፣ ሶማሌ፣ አማራ፣ ሐረሪ፣ ጉራጌ አብሮ ይጭናል፣ ከሰዓት አብሮ ይቅማል። ድርጅቱ «እኛ እናወግዛለን» ሲል ያ «እኛ» ማን ነው? ከጫኞቹ ማንን ጠየቀ? አንዴ ስለ አንዱ ሞት ከጻፍሽ ደግሞ ስለ ሁሉም መጻፍ ግድ ነው። አለዚያ ሰዉ ሰዓት መቁጠር ይጀምራል። «ለእነሱ በሁለት ሰዓት፣ ለእኛ በሦስተኛው ቀን» ይላል። እስከዚያ አብረው ሲቅሙ የነበሩ ልጆች በመግለጫ ምክንያት በክፉ ዓይን ይተያያሉ። አበው ዝም አይነቅዝም ያሉት ለእንዲህ ያለው ቀን ነው።

የከዚራዋ፦ የሹፌሩን ነገር አልንቅም። ወንድሜ ቢሆን እኔም «መግለጫችሁን ተዉት» ብዬ የምለምን ነኝ። ግን አንተ ከሁሉ የከበደውን ጉዳይ መርጠህ በሱ ሌላውን ሁሉ ዘጋኸው። ማኅበራዊ ጉዳይ ማለት የብሔር ግጭት ብቻ ነው እንዴ?

ደመወዝን እንይ። የግል ድርጅት ሠራተኛ በዚህ አገር ዝቅተኛ የደመወዝ ወለል ሳይኖረው ነው የኖረው። በ2011 የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 ጥሩ ጥሩ ነገር አለው። ለወላድ 30 ቀን ከመውለዷ በፊት፣ 90 ቀን ከወለደች በኋላ ከነደመወዟ ፈቃድ ይሰጣል። የደመወዝ ቦርድ እንደሚቋቋምም ይናገራል። ወለሉ ግን ዓመታት አልፈውም ሳይቀመጥ ቆየ። በዚህ መሃል ድሬ እንግዳ በዛባት። ነፃ የንግድ ቀጣናው በነሐሴ 2014 ተመረቀ። ሳፋሪኮምም በዚያው ወር የሙከራ አገልግሎቱን ከሌላው ከተማ በፊት እዚህ ጀመረ። ደስ ይላል። ታዲያ ወደዚህ ከተማ የሚመጣን ባለ ፋብሪካ ሁሉ «የደመወዝ ወለል ይቀመጥ ትላለህ ወይስ አትልም?» ብንለው ምን ችግር አለው?

ልብ በል፣ ድርጅቶች በዚህ ጉዳይ ዝም አላሉም። በንግድ ምክር ቤት፣ በአሠሪዎች ስብሰባ አቋማቸውን ይናገራሉ። በር ተዘግቶ ነው እንጂ። እኔ የምለው እዚያ የምትሉትን እኛም እንስማው ነው። ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል የሚል ተረትም አለን፣ አበውን ለብቻህ አትያዛቸው።

ውኃም አለ። ሐሮማያ ሐይቅ ሲደርቅ ሐረር ምን እንደሆነች ታውቃለህ። ውኃዋን ከእኛ አካባቢ በረጅም ቧንቧ እስከማስመጣት ደርሳለች። አንድ ሊትር ቢራ ለመጥመቅ ደግሞ ብዙ ሊትር ውኃ ይፈልጋል። የሐረር ሰው የቢራ ፋብሪካን «ስለ ከተማዋ ውኃ ምን ትላለህ?» ቢለው ፖለቲካ ተናገረ ይባላል?

የመጋላው፦ አየሽ፣ ርዕሱን ቀየርሽው። ደመወዝና ውኃ የድርጅቱ የገዛ ሥራ ነው። ስንት ትከፍላለህ? ስንት ትቀዳለህ? መልሱ ቁጥር ነው። ይሄንን አብሬሽ እጠይቃለሁ፣ ከፈለግሽ በር ላይ ቆሜ። የማልፈልገው በግድ የሚወጣ አስተያየት ነው። በግድ የወጣ ቃል ርካሽ ነው። አሜሪካ ውስጥ ጥቁሩ ጆርጅ ፍሎይድ በፖሊስ ከተገደለ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. ጁን 2 ቀን 2020፣ ስንቱ ኩባንያ ማኅበራዊ ሚዲያ ላይ ጥቁር ካሬ ለጠፈ። ጥቁር ካሬ ለመለጠፍ ስንት ደቂቃ ይፈጃል?

ደግሞ የባነሮቹን ዝርዝር ራስሽ ነሽ ያመጣሽው። እስቲ መልሰሽ እይው። ከነዚያ ውስጥ መንግሥት የሚከፋበት የትኛው ነው? አንድም የለም። ድርጅት ንግድ ፈቃዱ፣ መሬቱ፣ የውጭ ምንዛሪው ከማን እጅ እንደሚመጣ ያውቃል። ስትገፊው የሚወጣው ቃል አንቺ የፈለግሽው አይሆንም፣ ፈቃድ ሰጪው የሚወደው ነው። ከዚያ ሁለት ድምፅ ባንድ ላይ ይጮህብሻል፣ የመንግሥትም የድርጅቱም።

አሜሪካ እንኳ ይሄ አለ። የፊልምና የመዝናኛ ኩባንያው ዲዝኒ እ.ኤ.አ. በ2022 ፍሎሪዳ ላይ በወጣ የትምህርት ቤት ሕግ መጀመሪያ ዝም አለ። ሠራተኞቹ ጮሁበት፣ ሕጉን ተቃውሞ ተናገረ። የፍሎሪዳ ገዥ በተራው ዲዝኒ እ.ኤ.አ. ከ1967 ጀምሮ እንደ ራሱ ያስተዳድረው የነበረውን ልዩ ቀጣና ቦርድ በራሱ ሹመኞች ተካው። እነሱ ጠበቃም ገንዘብም አላቸው፣ ፍርድ ቤት ሄደው ተከራከሩ። እዚህ ድሬ የሳቢያን ሰፈር ብስኩት ጋጋሪ የት ይሂድ?

የከዚራዋ፦ ስለዚህ መልስህ ፍርሃት ነው። ፍርሃቱ ተገቢ ሊሆን ይችላል፣ ግን «አይመለከተውም» ከማለት ጋር አታምታታው። ዲዝኒንም የገፋው ሠራተኛው ነው። ሠራተኛ ከሆንኩ «እኛ» ሲል እኔም አለሁበት ማለት ነው፣ ይሄን አንተው ነህ ያልከው።

አሁን አንድ ነገር ልጠይቅህ። ፋብሪካ የምትሠራ ልጅ የማታ ፈረቃ ጨርሳ ትወጣለች። መንገዱ ጨለማ ነው። ባጃጅ እስክታገኝ የሚለክፋት አይጠፋም፣ አንዳንዴም ከመለከፍ ያልፋል። ይሄ የድርጅቱ ሥራ ነው ወይስ አስተያየት? ከአጥሩ ውጭ ነው። የሆነባት ግን ሥራ ስለገባች ነው።

የመጋላው፦ ሰርቪስ ይመድብላት። አለቀ።

የከዚራዋ፦ አላለቀም። ሰርቪሱ ሰፈሯ መግቢያ ላይ ያወርዳታል። ከዚያ ወዲያ መብራትና ፖሊስ ያስፈልጋል። አንዲት ልጅ ብቻዋን ብትናገር ማን ይሰማታል? ብዙ መቶ ሠራተኛ ያለው ድርጅት «ሠራተኞቼ ማታ ይጠቃሉ» ቢል ግን ይሰማል። ማርች 8 ላይ ቲሸርት ያለበሳት እሱ ነው። ማርች 9ስ?

የመጋላው፦ ይጻፍ። ለአስተዳደሩ ደብዳቤ ይጻፍ፣ ማኅተም ይምታበት። ፌስቡክ ላይ መጮህ ለምን አስፈለገ?

የከዚራዋ፦ ደብዳቤማ መዝገብ ቤት ገብቶ ይቀራል። ግልባጩን የፋብሪካው በር ላይ ባለው ሰሌዳ ይለጥፈው፣ ሠራተኛው ሲገባና ሲወጣ ያንብበው። ከዚህ በታች አልወርድም።

የመጋላው፦ ሰሌዳ ላይ ከሆነ እሺ። ግን ወላሂ አውቅሻለሁ፣ ፎቶ አንስተሽ ፌስቡክ ላይ ልትለጥፊው ነው።

የከዚራዋ፦ በዚያው ቀን።